ቤቱንም መኪናውንም ለዓመታት ካስገባንበት ኢንሹራንስ ጋር እንቀጥል ወይስ እንልቀቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ቤታችን ብሎኬት ነው፤ የጨረስነው በባንክ ብድር ነው። ባንኩ ብድሩን ሲለቅ የእሳትና የመብረቅ ኢንሹራንስ እንድንገባ ግዴታ ስላደረገብን በ1999 ዓ.ም. አንድ ኩባንያ ዘንድ ገባን። ኋላ ኮሮላዋን ስንገዛም የትም ሳንዞር እዚያው ወሰድናት። ዕዳው አልቆ ካርታው እጃችን ከገባ ቆየ፤ ኢንሹራንሱን ግን አላቋረጥንም። በየዓመቱ ወረቀቱ ይመጣል፣ እንከፍላለን፣ ስቲከሩን መስታወቱ ላይ እንለጥፋለን።

የዘንድሮው የእድሳት ወረቀት ግን አስደነገጠን። የመኪናዋ አረቦን፣ ማለትም በየዓመቱ የምንከፍለው ገንዘብ፣ ካምናው እጅግ ዘሏል። ቅርንጫፉ ድረስ ሄጄ ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ታሪፉ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ ከመባል በቀር የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። በዚያ ላይ አምና ኅዳር ባጃጅ ከኋላ ገጭቶን የባምፐሩና የመብራቱ ካሳ እስከ ግንቦት ተንከባሏል፤ ዛሬ ሥራ አስኪያጁ የሉም፣ ነገ ፕሮፎርማው አልጸደቀም፣ ከነገ ወዲያ ሲስተም የለም። የሌላ ኩባንያ የሽያጭ ወኪል ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ብናዞር ከምንከፍለው ሲሶ ያህል እንደሚቀንስልን ነግሮናል።

ባለቤቴ ነገ እንውጣ ባይ ነው። እኔ ግን ፈርቻለሁ። መኪናው ቢቀር ይቅር፤ ቤት በእኛ ደመወዝ ሁለተኛ አይሠራም። ጎጃም ውስጥ ሆናችሁ ኩባንያ የቀየራችሁ ካላችሁ፣ አደጋ ሲደርስ አዲሱ እንዴት ያዛችሁ? ለመቆየትም ለመልቀቅም ምኑን እንይ? የማንንም ኩባንያ ስም አትጥሩልኝ፤ የምፈልገው ነገሩን ማወቅ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት በኋላ ነው። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሞ አዲስ ለሚገባ ሰው ስላስቸገረ፣ የተሰጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ አስቀምጫለሁ።

1. መጀመሪያ የመለሱልኝ ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ መምህር ናቸው። በጣም በትሕትና ነው የጻፉት። እሳቸው ለመቆየት ያደላሉ፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለውን ተረትም አስታውሰውኛል። ዋናው ምክንያታቸው ግን ቅርንጫፉ ነው። ኩባንያው በአካባቢያችሁ ቅርንጫፍ ከሌለው ወይም ቅርንጫፉ ካሳ የመወሰን ሥልጣኑ ትንሽ ከሆነ፣ እያንዳንዷ ወረቀት አዲስ አበባ ደርሳ እስክትመለስ ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ከአረቦኑ በፊት፣ ቅርንጫፉ በራሱ ፊርማ እስከ ስንት ብር ካሳ መፍቀድ እንደሚችል እንድጠይቅ መክረውኛል። ይህን ጥያቄ ሌላ ማንም አላነሳውም።

2. የፍኖተ ሰላሙ ነጋዴ ተቃራኒውን ጻፈ። በ2013 ዓ.ም. ከነበረበት ወጥቶ ሌላ ዘንድ ገብቷል፤ ምንም አልጎደለበትም። የእሱ እምነት ነባር ደንበኛ ዝም ስለሚል ዋጋ የሚጫነው እሱ ላይ ነው የሚል ነው። ከገባ ወዲህ ካሳ ጠይቆ ያውቅ እንደሆነ ብጠይቀው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አንድም ጊዜ አልደረሰብኝም በሚል መንፈስ መለሰ። ደስ ብሎኛል፤ ለእኔ ጥያቄ ግን መልስ አልሆነም። ካሳ ያልጠየቀ ሰው ኢንሹራንሱን ገና አልፈተነውም።

3. አጭር ጥያቄ ነበር። ወረቀቱ ላይ ቤቱ በስንት ብር፣ መኪናዋ በስንት ብር እንደተመዘገቡ ነው። ቤቱ ባንኩ መጨረሻ ባስገመተበት በ2006 ዓ.ም. ዋጋ 1,200,000 ብር፣ መኪናዋ 450,000 ብር መሆናቸውን ጻፍኩ።

4. ይህን ሁሉም ሰው ቢያነበው እመኛለሁ። ጸሐፊው ዳንግላ ያለ፣ ረጅም ዘመን የኢንሹራንስ ካሳ ክፍል ውስጥ ሠርቶ የወጣ ሰው ነው። ቁጥሮቼን እንዳየ፣ መቆየቱም መልቀቁም የኋላ ጥያቄ መሆኑን ነገረኝ። የፊተኛው ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ዋጋ ነው።

እንዲህ አስረዳ። አንድ ንብረት ከዛሬ ዋጋው ባነሰ ከተመዘገበ፣ ባለቤቱ የጎደለውን ድርሻ በራሱ ትከሻ እንደያዘ ይቆጠራል። ጉዳቱ ከፊል ቢሆንም ስሌቱ ይሠራል። የእኛን ቤት ዛሬ እንደገና ማሠራት 4,800,000 ብር ይፈጃል ብለን እናስብ። የተመዘገበው 1,200,000 ነው፤ ሩብ ማለት ነው። እሳት ማዕድ ቤቱንና አንዱን ክፍል ቢበላና ጥገናው 800,000 ብር ቢጠይቅ፣ የሚከፈለን የዚያ ሩብ፣ 200,000 ብር ነው። ተቀናሹ፣ ማለትም ባለንብረቱ በራሱ የሚሸፍነው ድርሻ፣ ደግሞ ከዚያው ላይ ይነሳል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ቢወድም ያው ከ1,200,000 አያልፍም። ሰው ግን ካሳው ከተመዘገበው ገንዘብ በታች እስከሆነ ድረስ ሙሉውን የሚያገኝ ይመስለዋል፤ የካሳ ክፍሉ ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ የሚነሳ እንደነበር ጽፏል።

ለምን አሁን ባሰ የሚለውንም አስረድቷል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባንክ ቤት ዶላር በ57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። መኪናም፣ መለዋወጫም፣ ፌሮም፣ ቆርቆሮም አብሮ ወጣ። ወረቀታችን ላይ ያለው ቁጥር ግን ባለበት ቀረ፤ እድሳት ሲመጣ ሠራተኛው ያምናውን ይገለብጣል፣ ደንበኛውም አረቦን እንዳይጨምርበት ዝም ይላል። የመኪናዬ አረቦን ዋጋዋ ሳይነካ የዘለለውም በዚሁ ምክንያት እንደሚሆን ገመተ፤ አንድ ባምፐር ለመቀየር ድሮ የማይታሰብ ብር እየወጣ ስለሆነ ኩባንያዎች የአረቦን ምጣኔውን ከፍ አድርገዋል።

ከልክ በላይ ማስመዝገብም ትርፍ እንደሌለው አክሏል። በንግድ ሕጉ የንብረት ኢንሹራንስ የደረሰውን ጉዳት መካሻ ነው፤ የ2,000,000 ብር መኪና በ3,000,000 ብታስመዘግብ የሚከፈልህ በገበያው ዋጋ ነው፣ የተረፈው አረቦን ከንቱ ነው።

5. ከእንጅባራ የጻፈ የግንባታ ባለሙያ 4ን ተከትሎ የቤት ዋጋ እንዴት እንደሚታሰብ አሳየ። ሰው ቤቱን በሚሸጥበት ዋጋ ያስባል፤ ይህ ስህተት ነው። መሬቱ አይቃጠልም፤ የሰፈሩ ተፈላጊነትም አይቃጠልም። የሚታሰበው ያንኑ ቤት፣ በዚያው ስፋት፣ በዛሬ የሲሚንቶ፣ የብሎኬት፣ የፌሮ፣ የጣውላ፣ የቆርቆሮና የእጅ ዋጋ እንደገና ለማቆም የሚወጣው ነው። አጥሩ፣ የውኃ ታንከሩና ሰርቪስ ቤቱ ለየብቻ ይጻፉ። ፍርስራሹን አንስቶ ለማውጣት የሚከፈለውም ይታሰብ፤ ከተማ ውስጥ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ፈቃድ ካለው መሐንዲስ ማኅተም ያለው ግምት አሠርቼ ለኩባንያው በደብዳቤ እንዳስገባ መከረኝ። ጭቃ ቤትና ብሎኬት ቤት ምጣኔያቸው አንድ እንዳልሆነ፣ ግቢ ውስጥ የጭቃ ማዕድ ቤት ያለው ሰው ይህን መደበቅ እንደሌለበትም አስጠንቅቋል። ሳይናገሩ የቀሩት ነገር በካሳ ቀን ውል ማፍረሻ ሊሆን ይችላል።

6. የኢንሹራንስ ሽያጭ ወኪል ነኝ የሚል ሰው ገባ። ከእኔ ወኪል ጋር አንድ ሰው መሆን አለመሆኑን አላውቅም፤ ነገሩ ግን አንድ ዓይነት ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ሕዝቡን እያስፈራሩ አረቦን ያስወድዳሉ የሚል ቅሬታ አቀረበ። ሙሉ ውድመት እምብዛም ስለማያጋጥም ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ብልህነት ነው በማለት ተከራከረ፤ ስልኩንም አስቀመጠ። አወያዩ ስልኩን አጥፍቶታል።

እኔም ያን ጊዜ ወኪሉ የሰጠንን የዋጋ ማቅረቢያ ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁት። ቤቱን በ1,000,000፣ መኪናዋን በ400,000 ነው የሞላው። ከአደጋ ላይ በራሳችን የምንሸፍነው ተቀናሽም አሁን ካለንበት ከፍ ያለ ነው፤ በትናንሽ ፊደል ገጹ ግርጌ ሰፍሯል። ሲሶው ቅናሽ ከየት እንደመጣ ገባኝ።

7. የዳንግላው ሰው ተመለሰ፤ በቁጣ ነው የጻፈው። ለወኪሉ በቀጥታ፣ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሲሄድ በካሳ ቀን ጉዳቱን ከሚገምተው ሰርቬየር ፊት የሚቆመው ደንበኛው ብቻ መሆኑን ነገረው። የተቃጠለ ቤት ባለቤት ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ፣ ስሌቱን የማስረዳቱ ዕጣ በዳንግላው ሰው ላይ ይወድቅ ነበርና፣ ይህን ምክር ለሰው የሚሰጥ ሰው የባለቤቱን ዕንባ አላየም ብሏል። ቃሉ ጠንከር ያለ ነው፤ አወያዩ ለማለዘብ ሞክሯል። እኔ ግን ከዳንግላው ሰው ጋር ነኝ። አነስ አድርጎ ማስመዝገብ ሰውን ለተስፋ ማስከፈል ነው።

8. ነገሩን ያረጋጉት አንድ አዛውንት ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ቡሬ ተወልደው አዲስ አበባ በሒሳብ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ አሥራ ሦስት የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወርሶ፣ በ1968 ዓ.ም. ከእነሱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት መቋቋሙን፣ ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን ሌላ ኢንሹራንስ አገር ውስጥ እንዳልነበረ አስታወሱ። የግል ኩባንያ የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ነው። እንግዲህ በእሳቸው ትውልድ መቀየር የሚባል ጥያቄ አልነበረም፤ የሚሄዱበት ሌላ በር አልነበረምና። የዛሬው ሰው ምርጫ እያለው አለመጠየቁ እንደሚያሳዝናቸው ጽፈዋል። መልቀቅ አለብሽ አላሉኝም፤ በየዓመቱ ግን ቢያንስ ከሌላ ሁለት ቦታ ዋጋ አምጥቼ እንዳስተያይ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዋጋና ተቀናሽ እንዲሞሉልኝ አሳስበዋል። በጣም አመሰግናለሁ።

9. ብቸና አካባቢ ያለች እህት የደረሰባትን ጻፈች። በሰኔ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ከምሰሶው በሽቦው ወርዶ ቤቷ ገባ። የቆጣሪው ሳጥን ፕላስቲክ ቀልጦ ግድግዳው ላይ እንደ ሰም ተንዠረገገ፣ ኮርኒሱ ተያያዘ፤ ጎረቤት በአፈርና በውኃ ተረባርቦ ነው ያጠፋው። ከማርቆስ የመጣው ሰርቬየር የጠቆረውን ግድግዳ በቁልፍ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ልስኑ ምን ያህል እንደተጎዳ አየ፣ መዳቡ የወጣውን ሽቦ ፎቶ አነሳ፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን ደብዳቤና የፖሊስ ማስረጃ ጠየቃት። ወረቀቱን አሟልታ ስትጨርስ የኮርኒሱንና የግድግዳውን ተከፈላት። ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ግን አልተከፈሉም፤ ያስመዘገበችው ቤቱን እንጂ የቤቱን ዕቃ አልነበረምና። እኛም ሁለቱን አንድ ነው ብለን እንዳናስብ ነው የጻፈችው። በዚሁ አጋጣሚ የተጠየቀቻቸውን ደብዳቤዎች በቅደም ተከተል አስቀምጣለች፤ ክሩ ውስጥ ዋናውን መልሷን እንድታዩት እመክራለሁ።

10. የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነ ሰው 9ን በአክብሮት አረመ። መብረቅ ቤቱን መትቶ የሚያደርሰው ጉዳትና መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይሉ ጨምሮ ዕቃ የሚያቃጥለው ጉዳት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በእሳትና መብረቅ ውል ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው በተጨማሪ ሽፋን ካልተገዛ በስተቀር በብዙ ውሎች ውጭ ነው። ፍሪጅ ተቃጠለ ብሎ በየክረምቱ ኢንሹራንስ በር የሚመላለስ ሰው ብዙ ስላለ ልዩነቱን እንወቅ ነው የሚለው። ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስና የቧንቧ መፈንዳትም እንዲሁ በተጨማሪ የሚጻፉ መሆናቸውን አንስቷል። ለባሕር ዳር ሰው ጎርፉን ማስጻፍ አይከፋም።

11. ይህኛውን ሳነብ ልቤ አዘነ። አይሱዙ የነበረው ሰው ነው፤ ጤፍ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ያመላልስ ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ አካባቢያችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መኪናው ደጀንን ሳያልፍ መንገድ ላይ ተቃጠለ። ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረው፣ አረቦኑን አንድም ቀን አላሳለፈም። ኩባንያው ግን ጦርነትና ሕዝባዊ ረብሻ ከውሉ ውጭ የተደረጉ መሆናቸውን ጠቅሶ ካሳ ከለከለው። ያ አንቀጽ እውነትም ውሉ ላይ ነበረ፤ ሲፈርም ግን ማንም ጣቱን አስቀምጦ አላሳየውም። የእኔን ጥያቄ ሲያይ የተሰማውን በግልጽ ጽፏል፤ ስለ አረቦን መጨመር መጨነቄ ለሱ የምቾት ጥያቄ ነው። እውነቱን ነው፣ አልተከፋሁበትም። እግዚአብሔር ይካሰው።

12. በርካታ ሰው አይዞህ ካለው በኋላ፣ አንድ የባሕር ዳር ሰው ለሌላው የሚጠቅም ነገር ጨመረ። ለፖለቲካ ረብሻና ለሽብር ጉዳት ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ ሽፋን አለ። ከመደበኛው አረቦን በላይ ያስከፍላል። እሱ ለሱቁ ጠይቆ በአንዱ ቅርንጫፍ ለዚህ አካባቢ አንጽፍም ተብሎ ተመልሷል፣ በሌላው ግን ከብዙ ጥያቄ በኋላ ተጽፎለታል። እንግዲህ መቆየትና መልቀቅን ለመወሰን ይህ ራሱ ትልቅ መመዘኛ ነው፤ የቆያችሁበት ኩባንያ ይህን ሽፋን ለጎጃም ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? በጽሑፍ ጠይቁ። ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ አደጋን በወቅቱ ማሳወቅ ላቃተው ሰውም፣ ምክንያቱን በደብዳቤ አስረድቶ የተቀበለውን ማኅተም ይዞ እንዲቆይ መክሯል። ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ በንግድ ሕጉ በሁለት ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ በቃል ተስፋ መጠበቅ አያዋጣም።

13. ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ሳተ። 11 ደጀንን ስላነሳ አንዱ ስለ አባይ በረሃ ቁልቁለትና ፍሬን ስለሚበጠስባቸው ጭነት መኪናዎች ጻፈ፤ ሌላው በጃፓን ድጋፍ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ አነሳ፤ ሦስተኛው በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የባሕር ዳር የአባይ ድልድይ ለእኛ ለአባይ ማዶ ሰዎች ያመጣውን እፎይታ አወደሰ። ከባጃጅ ጋር የሚጋጨው ሰው ብዛት ላይም ብዙ ተባለ። አወያዩ ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ጠየቀ።

14. ባጃጅ በመነሳቱ ግን አንድ ጠቃሚ እርማት ተገኘ። ከኋላ የገጨኝ ባጃጅ ከሆነ፣ ለምን በራሴ ኢንሹራንስ እንዳስጠገንኩ የጠየቀ ሰው አለ። ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባው ኢንሹራንስ፣ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን ጥፋቱን ባጃጁ ላይ ካደረገ የባጃጁ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ካሳ ባለመጠየቄ የማገኘው የኖ ክሌም ቅናሽም አይነካም። የባጃጁ ስቲከር ጊዜው ያለፈበት ስለነበር በራሴ እንደሄድኩ መለስኩ። እሱም ያን ጊዜ የእኔ ኩባንያ ከከፈለኝ በኋላ በእኔ እግር ተተክቶ የባጃጁን ባለቤት መጠየቅ እንደሚችል አስረዳ፤ ከተሳካለት ተቀናሹንም እንዲመልስልኝ ልጠይቅ ይገባል።

15. አንዱ ገጭቶ ያመለጠ መኪና የጎዳው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል ብሎ ጻፈ። ወዲያው ታረመ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 799 ለእንዲህ ዓይነቱ ተጎጂ የመድን ፈንድ አለው፤ ማንኛውም የጤና ተቋም ለመኪና አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥም ያ አዋጅ ደንግጓል። ከጥያቄዬ ውጭ ቢሆንም ሰው ይወቀው ብዬ ነው የተውኩት።

16. እዚህ ላይ ስድብ ቀረሽ መልስ መጣ። ጸሐፊዋ ራሷ የኩባንያ ሠራተኛ ናት፣ ሕዝቡን አረቦን እንዲጨምር ለማድረግ ነው ይህን ክር የከፈተችው የሚል ክስ ነው። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ከየትኛውም ኢንሹራንስ አንዲት ሳንቲም አልበላም። ሁለት ሰዎች መልስ ሰጡልኝ፤ አንደኛው አባባሉ እኔን ብቻ ሳይሆን 11ንም መስደብ መሆኑን ነገረው። ከሳሹ አልተመለሰም።

17. ሞጣ ያሉ እናት፣ እታለም እያሉ፣ እድርን አነሱ። እሳቸው ኢንሹራንስ ገብተው አያውቁም። የጎረቤታቸው ቤት ሲቃጠል እድሩ ገንዘብ አዋጣ፣ ሰፈርተኛው በደቦ ጭቃ ረግጦ ምርጊቱን ጨረሰ፣ ከመስከረም በፊት ገቡበት። ማንም ሊብሬና ካርታ አልጠየቃቸውም። ይህን የጻፉት ኢንሹራንስን ለመንቀፍ ብቻ አይመስለኝም፤ ጎረቤትን የሚያክል እንደሌለ ለማሳሰብ ነው። እኔም እስማማለሁ። የብሎኬትና የፌሮ ቤት ግን የእድር አቅም አይደለም፤ እሳቸውም ይህን አልካዱም።

18. ስለ አቅም የጠየቀም ነበር፤ ትንሽ ኩባንያ ትልቅ አደጋ ቢደርስበት ይከፍላል ወይ ብሎ። የመለሰው ሰው፣ ኩባንያዎች ትልልቁን ስጋት በጠለፋ ዋስትና ለሌላ እንደሚያስተላልፉ፣ አገር ውስጥም የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን ኩባንያ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳለ፣ ሁሉም በብሔራዊ ባንክ ፈቃድና ቁጥጥር ሥር መሆናቸውን ጻፈ። ስለዚህ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤትና መኪና የሚያሳስበው የኩባንያው ግዝፈት ሳይሆን ለመክፈል ያለው ፍጥነት ነው። ቅሬታ ካለም በመጀመሪያ ለዋናው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ፣ ካልሆነ ለብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይቻላል።

19. ኩባንያ ቀይራ የምታውቅ ሴት የመልቀቂያውን ሥርዓት ዘረዘረች። አዲሱ አረቦን ተከፍሎ ደረሰኙ እጅ ሳይገባ አሮጌው እንዳያልቅ፤ ካልተከፈለ ሽፋን የለም፣ የአንድ ሌሊት ክፍተትም ክፍተት ነው። ከአሮጌው ኩባንያ ካሳ ያልጠየቅንባቸውን ዓመታት የሚገልጽ ደብዳቤ ይወሰድ፤ አዲሱ ካከበረው የኖ ክሌም ቅናሹ አብሮን ይሄዳል። ቅናሹ ለገዛ መኪና ጉዳት ሽፋን እንጂ ለግዴታው ሦስተኛ ወገን እንደማይሠራም አስታውሳለች። አዲሱ ኩባንያ ባሕር ዳር ውስጥ ከየትኞቹ ጋራዦች ጋር እንደሚሠራ ካልጠየቅን፣ በርካሽ ፕሮፎርማ ያሸነፈ ጋራዥ በር ላይ መኪናችን ክረምቱን ትከርማለች። ለእኔ በጣም የጠቀመኝ ይህ ነው።

20. ይህ የእኔ መልስ ነው። የእንጅባራው ባለሙያ እንዳሳየኝ ቤቱን በመሐንዲስ አስገመትኩ፤ 5,100,000 ብር መጣ። የዳንግላው ሰው ለምሳሌ ካሰበው እንኳ ይበልጣል። መኪናዋን የሚሸጡ ሰዎችን ጠይቄ 1,800,000 ብር አስቀመጥኩ። ከዚያ ለነባሩ ኩባንያችን፣ ለወኪሉና ለአንድ ሌላ ኩባንያ ያንኑ ቁጥር፣ ያንኑ ተቀናሽ፣ ያንኑ ተጨማሪ ሽፋን በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁ። የወኪሉ ዋጋ ተመልሶ ሲመጣ ከነባሩ የሚለየው በጥቂት መቶ ብር ነው። ሲሶው ቅናሽ የለም።

ቤቱን እዚያው እናቆየዋለን። ጎርፉ፣ የቤት ዕቃውና የፖለቲካ ረብሻው ሽፋን በአዲሱ ዋጋ ተጨምሮ ሊጻፍልን ተስማምተዋል፤ አረቦኑ ከፍ ማለቱን ባለቤቴም አምኗል፤ ለዚያ ብለን ሌላ ወጪ እንቀንሳለን። መኪናዋን በተመለከተ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ቅርንጫፉ በራሱ እስከ ስንት ብር ይወስናል፣ ከየትኞቹ ጋራዦች ጋር ይሠራል፣ ያምናው ካሳ ለምን እስከ ግንቦት ቆየ፣ ከባጃጁ ባለቤት ገንዘቡ ተጠይቋል ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ በጽሑፍ ካልመጣ ወይም አድበስብሰው ካለፉት፣ ውሏ ሳያልቅ መኪናዋ ብቻ ወደ ሦስተኛው ኩባንያ ትሄዳለች። ሁለቱን አንድ ላይ የማሰር ግዴታ የለብንም።

21. የማርቆሱ መምህር ተመልሰው ደስ እንዳላቸው ገለጹ፤ አንድ ነገርም ጨመሩ። የመሐንዲሱን ግምት፣ ውሉን፣ ደረሰኙንና የቤት ዕቃውን ፎቶ ሌላ ኮፒ አድርጌ ዘመድ ዘንድ እንዳስቀምጥ ነው። የእሳት ኢንሹራንስ ወረቀቱን ከቤቱ ጋር ያጣ ሰው ያውቃሉ። ኮፒው ነገ እህቴ ጋ ይሄዳል።

22. የብቸናዋ እህት ደግሞ በቤት ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ሽማኔ የሠራውን ጥበብና የወርቅ ጌጥ ለብቻው ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። የዳንግላው ሰው፣ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ውል ውጭ ስለሚደረጉ በስም ተጠርተው፣ ዋጋቸው ተጽፎ ካልገቡ እንደማይካሱ መለሰላት። ልብሱ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ከገባ ችግር የለውም።